ስለ አንትወርፕ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ሥዕሎችና ስለ ትንንሽ ንድፎቻቸው

ማርች 29 ቀን 1620 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዛሬ ቤልጅግ በሚባለው አገር በአንትወርፕ ከተማ አንድ ውል ተጻፈ። ተዋዋዮቹም ባንድ ወገን በከተማው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቤት አለቃ የነበሩት አባ ያኮቡስ ቲሪኑስ፥ በሌላው ወገን ሠዓሊው ፔተር ፓውል ሩበንስ ነበሩ። ይህ ማኅበር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢትዮጵያ የነበሩትን እነ አባ ፔድሮ ፓኤዝን የላከው ነው፤ በዚያው ዘመን ደግሞ በአንትወርፕ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ላይ ነበር። ውሉ የተጻፈውም ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ስለሚሠሩ 39 ሥዕሎች ነው።

ቃሉም እንዲህ ያለ ነበር። አለቃው የሥዕሎቹን ታሪክ ዝርዝር ለሠዓሊው ሰጥተውታል፤ ሩበንስ የ39ኙንም ንድፍ በትንሽ መጠን በገዛ እጁ ያዘጋጃል፤ ቫን ዳይክና ሌሎቹ ደቀ መዛሙርቱ ትንሹን እያዩ በትልቁ ይሥሉታል፤ ከዚያም በኋላ ጎደሎ ሆኖ የተገኘውን ሩበንስ ራሱ በእጁ ያሟላል። ሥራውም በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ቢዘገይም በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ተፈጽሞ ይሰጣል። የጣሪያው ሥዕል ዋጋ 7,000 ጊልደር ሆነ፤ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላንና የቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየርን ተአምራት ለሚያሳዩት ለሁለቱ ትልልቅ የመንበር ሥዕሎች ደግሞ 3,000 ጊልደር ተጨምሮ ጠቅላላው 10,000 ጊልደር ሆነ። በውሉ ውስጥ በስሙ የተጠራው ደቀ መዝሙር አንቶን ቫን ዳይክ የተወለደው ማርች 22 ቀን 1599 ዓ.ም. ነውና በዚያች ቀን 21 ዓመት ከሞላው ገና አንድ ሳምንቱ ነበር፤ ለእሱም አመቺ ጊዜ ሲገኝ ለአንዱ የጎን መንበር ሥዕል እንዲሠራ ተስፋ ተሰጠው።

ነገር ግን በዚህ ውል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ሌላ ቃል አለ። ሩበንስ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ 39ኙን ትንንሽ ንድፎች ለማኅበሩ እንዲያስረክብ፥ ይህን ካልወደደ ግን በእነሱ ፈንታ ለአንዱ የጎን መንበር ሌላ ሥዕል ሠርቶ እንዲሰጥ ምርጫው ለእሱ ተተወለት። እንግዲህ እነዚያ በጭን ላይ ሊያዙ የሚችሉ ትንንሽ ሳንቃዎች ባንድነት ሲገመቱ የአንድ መንበር ሥዕል ያህል ዋጋ እንዳላቸው ሁለቱም ወገን ያውቅ ነበር ማለት ነው። የእነሱ ነገር ወደ ኋላ ይመጣል።

አገሩ ይህን ያህል ሥዕል ባንድ ጊዜ የፈለገበት ምክንያት ነበረው። በ1566 ዓ.ም. በኦገስት ወር ሥዕልን የሚቃወሙ ሰዎች ተነሥተው በአንትወርፕ አብያተ ክርስቲያናት ያለውን ሥዕልና ሐውልት ሰባበሩ። በ1576 ደመወዝ ያልተከፈላቸው የእስፓኝ ወታደሮች ከተማይቱን ዘረፏት፤ በ1585 ደግሞ ከረጅም ከበባ በኋላ ለእስፓኝ መንግሥት እጅዋን ሰጠች። በመጨረሻ በ1609 የ12 ዓመት ዕርቅ ሲደረግ የተራቆቱት መንበሮች ሁሉ ሥዕል ይጠብቁ ነበር። ሩበንስ ከኢጣልያ የተመለሰው በ1608 መጨረሻ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ይህ ሰው የተወለደው ጁን 28 ቀን 1577 በጀርመን አገር በዚገን ከተማ ነው። ማግስቱ በምዕራባውያን ዘንድ የቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ስለ ሆነ ስሙ በሁለቱ ሐዋርያት ተጠራ ይባላል። በ1600 ዓ.ም. ወደ ኢጣልያ ሄዶ ስምንት ዓመት ሲቀመጥ የጥንት የሮማ ሐውልቶችን፥ የሚካኤል አንጀሎንና የቲሲያኖን ሥራ እያየ በጠመኔና በብዕር ሲቀዳ ኖረ። በቬኔስያ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ ቬሮኔዜና ቲሲያኖ የሠሩትን አይቷል፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ከታች ወደ ላይ ለሚመለከት ዓይን የተሣለ ነው፤ እግሩ ቀርቦ፥ ጉልበቱ ጎልቶ፥ ራሱ ርቆና አንሶ ይታያል። የአንትወርፕን ጣሪያ ሲቀበል ይህን ትምህርት በእጁ ይዞት ነበር።

ባሮክ በሚባለው በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባንድ ጊዜ ተነሥቶ የሚሣል ነገር አልነበረም። በሩበንስ የሥዕል ቤት መጀመሪያ የሚሠራው በብዕርና በጽሕፈት ቀለም በወረቀት ላይ የሚጣል ፈጣን ጭረት ነው፤ ለማያውቀው ሰው የተጠላለፈ ክር ይመስላል፤ እዚያው ላይ አንድ ክንድ ሁለት ሦስት ጊዜ በልዩ ልዩ አኳኋን ተሥሎ ይገኛል፤ ሠዓሊው ገና እያሰበ ነውና። ከዚህ ቀጥሎ ሳንቃው ይመጣል። የባሉጥ እንጨት ሳንቃ በጠመኔ ዱቄትና በሙጫ ተቀብቶ እስኪለሰልስ ድረስ ይፋቃል፤ በላዩም ስስ የሆነ ግራጫ ወይም ቡናማ ቀለም በሰፊ ቡርሽ ይሳብበታል። የቡርሹ መንገድ ሳይጠፋ በቀለሙ ሥር እየታየ ይቀራል፤ ሩበንስም ይህን አልሸፈነውም፤ ጥላ በሚያስፈልግበት ስፍራ እንዲያው ትቶት ብርሃኑን ብቻ በነጭ ይጨምርበታል። ለአንትወርፕ ጣሪያ መጀመሪያ ቀለም የሌለውን፥ በቡናማና በግራጫ ብቻ የተሠራውን ንድፍ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ በሌላ ሳንቃ ላይ ከነቀለሙ ሠራው። ማኅበሩ የሚያየውና የሚፈቅደው፥ ደቀ መዛሙርቱም የሚከተሉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

አንዳንድ ጊዜ ሠዓሊው ባለ ቀለሙን ንድፍ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ያልተረጋጋ ነገር ያገኛል፤ አንድ ጀርባ፥ አንድ የተዘረጋ እጅ፥ ወይም የሚሸከም ሰው ትከሻ። ያን ጊዜ ሕያው ሰው በዚያው አኳኋን አቁሞ በጥቁር ጠመኔ በሰፊ ወረቀት ላይ ይሥላል፤ ብርሃን የሚያርፍበትንም በነጭ ጠመኔ ያመለክታል። የፊት ጥናት ደግሞ ለብቻው ነበር። በብራሰልስ ቤተ መዘክር ያለው፥ የአንድን ጥቁር ሰው ራስ በአራት አኳኋን የሚያሳየው ሥራ ከዚህ ወገን ነው። ሰውዬው ባንዱ ይስቃል፥ ባንዱ ያዝናል፥ ባንዱ ወደ ላይ ይመለከታል። እንደዚህ ያሉት የፊት ጥናቶች በሥዕል ቤቱ እየተቀመጡ ለሰብአ ሰገልም፥ ለሐዋርያትም፥ ለሕዝብም መልክ ሲያስፈልግ ከዚያ ይወሰዱ ነበር። የሰውዬውን ስም ማንም አልጻፈውም፤ ፊቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

የሥዕል ቤቱን ውስጥ ያየ አንድ ምስክር አለ። ኦቶ ስፐርሊንግ የተባለ ሐኪም ገና ወጣት ሳለ በ1621 ዓ.ም. አንትወርፕ ደርሶ ሩበንስን ጎበኘው። ሠዓሊው እየሣለ አጠገቡ ሰው የሮማዊውን ጸሓፊ የታኪቱስን መጽሐፍ ያነብለታል፥ እሱም በዚያው ጊዜ ደብዳቤ ያጽፋል፤ እንግዶቹም እንዳያውኩት ዝም ቢሉ ራሱ እያነጋገራቸው ሥራውንም ንባቡንም ደብዳቤውንም አንዱን ሳያቋርጥ ይቀጥል ነበር ብሎ ጽፏል። ከዚያም ወደ አንድ ትልቅ አዳራሽ አገቡት። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ብርሃኑ በጣሪያው መካከል ካለው ቀዳዳ ይወርዳል። ብዙ ወጣቶች ሠዓሊዎች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየሥዕላቸው ላይ ይሠራሉ፤ ሥዕሎቹን ሩበንስ አስቀድሞ በጠመኔ ነድፎላቸዋል፥ እዚህና እዚያም ጥቂት ቀለም አሳይቷቸዋል፤ እነሱ በዘይት ቀለም ሞልተው ሲጨርሱ እሱ መጥቶ የመጨረሻውን ቡርሽ ያሳርፍበታል፤ ከዚያም የሩበንስ ሥራ ተብሎ ይወጣል። ስፐርሊንግ ይህን ሲጽፍ የነቀፋ ቃል ሊኖርበት ይችላል፤ ሰውዬው ብዙ ሀብት ማከማቸቱን ሳያነሣ አላለፈምና።

ደቀ መዝሙር ለመሆን የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር። ሩበንስ በ1611 በጻፈው ደብዳቤ ከመቶ የሚበልጡ አመልካቾችን እንደ መለሰ ይናገራል። የአገሩ ገዥዎች የአልበርትና የኢዛቤላ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ስለ ነበረ የደቀ መዛሙርቱን ስም በሠዓሊዎች ማኅበር መዝገብ ለማስጻፍ አልተገደደም፤ ስለዚህም ከቫን ዳይክና ከጥቂቶች በቀር በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ወጣቶች ስም ከመዝገብ ጎድሎ ቀረ። ቀለም መፍጨት፥ የተልባ ዘይት ማዘጋጀት፥ ሳንቃና ሸራ መቀባት የእነሱ የዕለት ሥራ ነበር፤ ከዚያም ልብስና ሰማይ፥ ቀጥሎም እጅና ፊት ይሰጣቸዋል።

በሌላ ሰው እጅ የተሠራውን በራስ ስም መሸጥ ማታለል አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ የሩበንስ ደብዳቤ መልስ ይሰጣል። ኤፕሪል 28 ቀን 1618 ዓ.ም. በሄግ ከተማ ለተቀመጡት ለእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ለሰር ደድሊ ካርልተን የሥዕሎቹን ዝርዝር ሲልክ የእያንዳንዱን ታሪክ፥ መጠንና ዋጋ ጽፎ እጁም ምን ያህል እንደ ገባበት ለይቶ አስታወቀ። ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ ያለበት ሥዕል ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ የተሠራ ነው፤ 600 ፍሎሪን ያወጣል። የታሰረው ፕሮሜቴዎስ ሥዕል ላይ ንስሩን የሠራው ፍራንስ ስናይደርስ ነው። የአኪሌስን ሥዕል ከደቀ መዛሙርቱ የተሻለው ሠርቶት እሱ በእጁ አድሶታል። የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ግን ደቀ መዝሙሩ የጀመረው ነው፤ እሱ ሁሉን በእጁ ካደሰው በኋላ እንደ ዋና ሥራ ሊቆጠር ይችላል። ነጋዴ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ሚዛኑን የደበቀ ነጋዴ ግን አይደለም። የኢየሱሳውያንም ውል እንዲሁ ግልጽ ነበር፤ ማኅበሩ የገዛው የመምህሩን አሳብ፥ የደቀ መዛሙርቱን ድካምና የመምህሩን የመጨረሻ እርማት መሆኑን አውቆ ነው።

ይህ አሠራር በሥዕል ብቻ አልቀረም። ልዕልት ኢዛቤላ በ1625 ዓ.ም. አካባቢ ለማድሪድ የደናግል ገዳም የቅዱስ ቁርባንን ድል የሚያሳዩ በሱፍና በሐር የተሠሩ ታላላቅ የግድግዳ መጋረጃዎች ሲያሠሩ ሩበንስ እንደ ልማዱ ትንሹን ንድፍ፥ ቀጥሎ ባለ ቀለሙን፥ በመጨረሻም እንደ መጋረጃው ትልቅ የሆነውን አዘጋጀ። ሸማኔው የሚሠራው ከጀርባ በኩል ስለ ነበረ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል፤ ስለዚህ ሩበንስ ቀኙን ግራ፥ ግራውን ቀኝ አድርጎ ሣለው፤ አለዚያ በመጋረጃው ላይ የሚባርከው እጅ ግራ እጅ ይሆን ነበር።

ወደ ጣሪያው እንመለስ። ሥዕሎቹ የተሠሩት ለመካከለኛው ክፍል አልነበረም፤ በሁለቱ ጎን ላሉት መተላለፊያዎችና ከእነሱ በላይ ላሉት ሰገነቶች ነበር። በታችኞቹ ጣሪያዎች ቅዱሳንና ቅዱሳት ተሣሉ፤ በመካከላቸውም ቅዱስ ባስልዮስ፥ ጎርጎርዮስ ዘናዚአንዙ፥ አውጉስጢኖስና አትናቴዎስ ነበሩ። ቅዱስ አትናቴዎስ አርዮስን ድል ሲያደርግ የሚታይ ሲሆን ለኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመ እሱ ነውና ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ ሩቅ ሰው አይደለም። በላይኞቹ ሰገነቶች ጣሪያ ግን ብሉይና ሐዲስ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ብሉዩ ምሳሌ፥ ሐዲሱ ፍጻሜ ሆኖ። መልከ ጼዴቅ እንጀራና ወይን ይዞ አብርሃምን ሲቀበል ከምሥጢር እራት ጋራ፥ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ከጌታ ዕርገት ጋራ፥ ዳዊት ጎልያድን ሲጥል ጌታ በዲያብሎስ ከተፈተነበት ጋራ ይታይ ነበር። ንግሥተ ሳባም ወደ ሰሎሞን መጥታ እጅ መንሻዋን ስታቀርብ የሰብአ ሰገል ስግደት ምሳሌ ሆና በዚያ ጣሪያ ላይ ተሥላለች። በኢትዮጵያ ንግሥት ማክዳ እየተባለች በክብረ ነገሥት የምትታወቀው እርስዋ ናት። ሩበንስ በትንሹ ንድፍ ላይ ሰሎሞንን በደረጃ አናት አስቀምጦ እርስዋን ከታች ወደ ላይ እንድትመለከት አደረጋት፤ በሰገነቱ ሥር የሚቆመው ሰው ንግሥቲቱ ወደምታይበት ወደዚያው አቅጣጫ ቀና ይላል።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1621 ዓ.ም. ተባረከ። በእብነ በረዱ ብዛት የታወቀ ሆነ፤ ሕንፃውን ያቀዱት የማኅበሩ ሰዎች ፍራንሷ ዳጊሎንና ፒየትር ሆይሴንስ ናቸው፤ ዳጊሎን ግን በ1617 ስለ ሞቱ ፍጻሜውን አላዩም። ቫን ዳይክም ከ1620 መጨረሻ ጀምሮ ወደ እንግሊዝ፥ ከዚያም ወደ ኢጣልያ ሄዶ ነበር። ከ39ኙ ሥዕል የትኛው በእሱ እጅ፥ የትኛው በሌላው እንደ ተሠራ ለመለየት የሚቻልበት ዕድል ከጊዜ በኋላ ጠፋ፤ ምክንያቱም ወዲያው ይነገራል።

በምርጫው መሠረት ሩበንስ ንድፎቹን አልሰጠም፤ በእጁ አስቀራቸው። ሌላውንም ንድፍና የጠመኔ ሥዕል ሁሉ በሕይወቱ ዘመን ይዞት ቆየ። ሜይ 30 ቀን 1640 ሲሞት በኑዛዜው እንዲህ ብሎ አዘዘ፤ በወረቀት የተሠሩት ንድፎቹ እንዳይሸጡ፤ ከወንዶች ልጆቹ አንዱ ሠዓሊ ቢሆን ወይም ከሴቶች ልጆቹ አንዲቱ ስመ ጥር ሠዓሊ ብታገባ ለእነሱ እንዲቀመጡ፤ የመጨረሻው ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ግን ይህ ካልሆነ እንዲሸጡ። ሠዓሊ ለሆነ ሰው ንድፍ ማለት ለገበሬ ዘር ማለት ነውና ሽማግሌው ዘሩን ለማያርስ ሊሰጥ አልወደደም። ከአባትዋ ሞት በኋላ የተወለደችው የመጨረሻይቱ ልጁ ገዳም ገባች፤ ከሌሎቹም ሠዓሊ የሆነ ወይም ሠዓሊ ያገባች አልተገኘም፤ በ1657 ዓ.ም. ንድፎቹ ተሸጠው በየአገሩ ተበተኑ። አባታቸው ለአንድ የሥዕል ቤት ያከማቸው ሀብት በብዙ ሰዎች ሣጥን ገባ።

ጁላይ 18 ቀን 1718 ዓ.ም. በአንትወርፕ ላይ መብረቅ ወደቀ፤ የኢየሱሳውያንንም ቤተ ክርስቲያን መታው። እሳቱ በጣሪያው እንጨት ተያይዞ መካከለኛውን ክፍልና ሁለቱን ጎኖች በላ፤ መቅደሱና የእመቤታችን ጸሎት ቤት ተረፉ፥ የመንበሩም ሥዕሎች ዳኑ፤ 39ኙ የጣሪያ ሥዕሎች ግን ሁሉም ተቃጠሉ። ለ97 ዓመት ሕዝቡ ቀና እያለ ሲያያቸው የኖሩት አትናቴዎስና ባስልዮስ፥ መልከ ጼዴቅና ንግሥተ ሳባ ባንድ ቀን ዐመድ ሆኑ። የቫን ዳይክ እጅና የመምህሩ እጅ በየትኛው ሥዕል እንዴት እንደ ተገናኙ ይመረመርበት የነበረው ነገር አብሮ ሄደ። ቤቱ ኋላ ቢታደስም ያ ጣሪያ አልተመለሰም።

አሁን እነዚያ ትንንሽ ሳንቃዎች ዋና ምስክር ሆኑ። መሣሪያ እንዲሆኑ ተሠርተው የነበሩት፥ የሚሠራው ከተፈጸመ በኋላ አያስፈልጉም ሊባሉ ይችሉ የነበሩት፥ ሠዓሊው በእጁ ስላስቀራቸው ከእሳቱ ዳኑ። ለማኅበሩ ቢያስረክባቸው ኖሮ ምናልባት ከጣሪያው ጋራ ባንድ ቤት በተገኙ ነበር። ዛሬ አብርሃምና መልከ ጼዴቅ፥ የይስሐቅም መሥዋዕትነት በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ ቅዱስ አትናቴዎስና ቅዱስ ባስልዮስ በጀርመን አገር በጎታ፥ ንግሥተ ሳባና ዳዊት በሎንዶን በኮርቶልድ፥ የጌታ ዕርገት በቪየና በሥዕል አካዳሚ ይታያሉ። ሌላም ምስክር አለ። ያኮብ ደ ዊት የተባለ የአምስተርዳም ተወላጅ ገና ልጅ ሳለ በ1711 እና በ1712 ዓ.ም. የጣሪያውን ሥዕሎች ለትምህርቱ ብሎ ቀድቶ ነበር፤ ክርስቲያን ቤንያሚን ሙለር የተባለ ጀርመናዊም በዚያው በ1718 ዓ.ም. እሳቱ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቀድቷቸዋል። ከደ ዊት ቅጂዎች ያን ፑንት በ1751 በመዳብ ቀርጾ አሳተመ። ንድፉና ቅጂው ጎን ለጎን ሲቀመጡ መምህሩ ያሰበው ምን እንደ ነበረ፥ ደቀ መዛሙርቱም በትልቁ ሸራ ላይ ምን እንደ ለወጡ በጥቂቱ ይታወቃል፤ ቀለሙን ግን ከሳንቃዎቹ በቀር የሚናገር የለም።

ስለ ሁለቱ የመንበር ሥዕሎች የቀረ ነገር አለ። ቁመታቸው ከአምስት ሜትር በላይ ሲሆን በዋናው መንበር ላይ እየተፈራረቁ ይወጡ ነበር፤ ከመንበሩ በስተጀርባ ሥዕሉን አውርዶ ሌላውን የሚያወጣ የገመድና የመዘውር መሣሪያ ነበረ፤ ይህም መሣሪያ አሁን የቅዱስ ካርሎስ ቦሮሜዎስ ቤተ ክርስቲያን በሚባለው በዚያው ሕንፃ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራል። የኢየሱሳውያን ማኅበር በ1773 ሲፈርስ ሁለቱ ሥዕሎች በ1776 ዓ.ም. ለንግሥት ማርያ ቴሬዝያ ተሸጠው ወደ ቪየና ሄዱ፤ ትንንሽ ንድፎቻቸውም አብረው ሄዱ። ስለዚህ የቪየናን ቤተ መዘክር የሚጎበኝ ሰው ሩበንስ በትንሽ ሳንቃ ላይ ያሰበውን ባንድ ወገን፥ ያው አሳብ ግድግዳ ሞልቶ የቆመውን በሌላ ወገን እየተመላለሰ ሊያስተያይ ይችላል። በአንትወርፕ ያለው መዘውር ግን አሁን የሌሎችን ሠዓሊዎች ሥራ ነው የሚያወጣው።